የዘንዘልማው ጣራና የሁለት መስመር ደመወዝ

በረዳት አብራሪነት የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ያረፍሁት ባሕር ዳር ነው፤ ያደግሁበት ከተማ። የበረራ ምደባው ሲወጣ ስሜ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ላሊበላ በሚለው መስመር ላይ ተገኘ። ለእናቴ ደወልሁላት። "ታዲያ ምሳ ትበላለህ?" አለችኝ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚቆየው መንገደኛ አውርዶ መንገደኛ እስኪጭን ብቻ መሆኑን ላስረዳት ሞከርሁ። "የአውቶቡስ ረዳት እንኳ ምሳ ይበላል!" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የዕለቱ ካፒቴን ኃይሉ የሚባሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ባለ ሁለት ፕሮፔለሯን አውሮፕላን አብረን ዞረን ስንፈትሽ "ከየት ነህ?" አሉኝ። "ከባሕር ዳር" አልሁ። "እንግዲያው የሐይቁን ነፋስ ታውቀዋለህ።" "በሚገባ!" ብዬ መለስሁ።

መንደርደሪያው ላይ ልናርፍ ስንቃረብ ነፋሱ ከጎን መታን። አፍንጫዋን ላስተካክል ስል ክንፏ ወረደ፣ ክንፏን ላነሳ ስል አፍንጫዋ ዞረች። ካፒቴን ኃይሉ ሳይቸኩሉ መሪውን ያዙና አሳረፏት። ከመንደርደሪያው ወጥተን ስንቆም "የምታውቀው ከመሬት ሆነህ ነው፤ አይደል?" አሉኝ። ፊቴ ጋለ። "በዚህ መስመር ሀብታም አትሆንም" ብለው ጨመሩ፤ "ማረፍ ግን ትማራለህ።"

ጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባውና የሚያወጣው ሰው ጋሽ ተሾመ ይባል ነበር። ከእኛ ጋር እየበረረ አውሮፕላኗን በየማረፊያው የሚያይ መካኒክ ነው። ታኮው በእኛ ሥራ ተራ እንጨት እንዳይመስላችሁ። የአብራሪ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ታኮው ተነስቶ አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ ነው፤ የሚያቆመውም ደርሶ ታኮው ተመልሶ ሲገባ ነው። ጋሽ ተሾመ ታኮውን በእጁ ይዞ "እንጀራችሁ ያለው እዚህ ነው" እያለ ያሾፍብን ነበር።

አሁን ወደ ደመወዙ ልግባ። ወጣት አብራሪዎች ሲያገኙኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ የሚጠይቁኝ "የአገር ውስጥ ይሻላል ወይስ ዓለም አቀፉ?" ብለው ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። እኛም በዕድሜያቸው ሳለን ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

በእኔ ጊዜ በነበረው አሠራር የአብራሪ ገቢ ከሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛው መነሻ ደመወዝ ነው። እሱ የሚወሰነው በማዕረግ ነው፤ ሦስት ሰረዝ ትከሻው ላይ ያደረገ ረዳት የረዳት፣ አራት ሰረዝ ያደረገ ካፒቴን የካፒቴን ያገኛል። ሁለተኛው የበረራ ሰዓት ክፍያ ነው። ሦስተኛው አበል ነው። አገር ውስጥ ውሎ ለሚገባ አበሉ ከምሳ አያልፍም። ውጭ አገር የሚያድር ግን በዶላር ይታሰብለታል።

የአገር ውስጥ አብራሪ በአንድ ቀን ባሕር ዳር፣ ላሊበላ፣ ጎንደር ያርፋል፤ ተመልሶ አዲስ አበባ ይገባል። በየማረፊያው ነፋስ አለ፣ ተራራ አለ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ዓሣ ጠግበው ለመብረር የሚከብዳቸው አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አሉ። ማታ ሲደመር የተቆጠረለት ሰዓት ትንሽ ነው። የትልቁ ጄት አብራሪ አንድ ጊዜ ይነሳል፣ አንድ ጊዜ ያርፋል፤ በመካከሉ ሌሊቱን ሙሉ ሰዓት ይቆጠርለታል። የሚከፈለው በሰዓት እንጂ በማረፍ ብዛት አይደለም። ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ትንሽ ያናድደኛል።

አንድ የአገር ውስጥ ካፒቴን ይህን ለማካካስ የራሱን ዘዴ አበጅቶ ነበር። ካረፈ በኋላ ወደ መቆሚያው የሚሄደው እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያለ ነው። አንድ ቀን ከመቆጣጠሪያው ማማ "ካፒቴን፣ ችግር አለ?" ተብሎ ተጠየቀ። "የለም" አለ። "ታዲያ ከኋላዎ ሁለት አውሮፕላን እየጠበቀ ነው።" ከዚያ ወዲህ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሁሉ "ሙሽራው" ይባል ጀመር። በቀስታው ያተረፈው ነገር ቢኖር ይህ ስም ነው።

ታሪኩ ውስጥ ቤት አለና ስለ ቤቱ ልናገር። አባቴ ከሐረር፣ እናቴ ከወሎ መጥተው ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ተገናኝተው ነው የተጋቡት። እሱ የማሽን ጥገና፣ እሷ ፈትል ክፍል። አባቴ እኔ የበረራ ትምህርት ላይ ሳለሁ አረፈ። እናቴ፣ ወይዘሮ ዘነበች፣ ጡረታ ወጥታ በኪራይ ቤት ትኖር ነበር። ለዓመታት የተመዘገበችበት የቤት ማኅበር በመጨረሻ ዘንዘልማ ላይ ቦታ አደለ፤ ያኔ ገና የጤፍ ማሳ የሚታይበት፣ ባጃጅ ለመሄድ የሚያቅማማበት ሰፈር ነው። የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው፤ የተቆረጠው ጊዜ ሲደርስ ጣራ ያልለበሰ ቤት ቦታው ተመልሶ ለሌላ ይሰጣል።

በዚሁ መካከል አከራይዋ ልጁን ሊድር ተነሳ። "እትዬ ዘነበች፣ ልጄ ሚስቱን የሚያስገባበት ቤት ያስፈልገኛል" አላት፤ በትሕትና ነው ያላት፤ ቀኑን ግን ቆርጦ ነገራት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በኪራይ ኖራለች። ከሞተች የሬሳ ሣጥኗ ከሰው ቤት እንዳይወጣ ትፈራ ነበር፤ ይህን ነግራኝ አታውቅም፤ ለጎረቤቷ ስትነግራት ነው የሰማሁት። ቤቱን መሥራት የእኔ ጉዳይ መሆኑ በዚያ ቀን አለቀለት።

እንዲህ ሳስብ ካፒቴን ኃይሉ ቢሮ ተጠራሁ። ያኔ የበረራ ክፍሉ ኃላፊ ሆነዋል። "ሁለት ወንበር ተከፍቷል" አሉኝ። "አንዱ እዚሁ አገር ውስጥ ካፒቴንነት ነው። ሌላው በትልቁ ጄት ረዳትነት። ተራህ ለሁለቱም ደርሷል። አንዱን ከያዝህ ሌላው ለቀጣዩ ሰው ያልፋል።"

"ትልቁን ጄት" አልሁ።

"አራት ሰረዝ እጅህ ገብቶ በሦስት ልትቀጥል?"

"ቤት እየሠራሁ ነው፣ ካፒቴን።"

"አበል እኮ ደመወዝ አይደለም፣ ሰሎሞን።"

"ብሎኬት ሻጩ አይለየውም" አልኋቸው። ሳቁ፤ ወረቀቱንም ፈረሙልኝ።

የካፒቴንነቱን ወንበር የወሰደው እንደ እኔ ረዳት የነበረው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ዮናስ ነው። ዮናስ የመራዊ ልጅ ነው። ቤተሰቡ መስኖ ያለማል፤ እሱም ሰው ሲቸኩል ሲያይ ይገርመዋል። "አንተ ዶላር ብላ፣ እኔ ዓሣ እበላለሁ" አለኝ። እኔ በልቤ ሞኝ ነው ብያለሁ። ሁለታችንም የመረጥነውን አብጠርጥረን ነበር ያሰላነው፤ ሁለታችንም እርግጠኛ ነበርን።

ከአገር ውስጥ ክፍሉ ስለቅ አንድ ነገር ቀረኝ፤ ዕቁቡ። አብራሪው፣ አስተናጋጁ፣ መካኒኩ ሁሉ ያለበት ዕቁብ ነው፤ ዳኛው ጋሽ ተሾመ። ደመወዝ በወጣ ቀን ማታ ሁሉም ሰው አዲስ አበባ ስለሚገባ አውሮፕላን መጠገኛው አጠገብ ተሰብስቦ ዕጣ ይወጣል። "ጋሼ፣ ስሜን ሰርዘው፤ ከእንግዲህ በዕጣው ቀን የት አገር እንደምሆን አላውቅም" አልሁት።

"እኔ የምፈልገው መዋጮህን ነው፣ መልክህን ማን ፈለገው?" አለኝ። "ዮናስ ይዞልህ ይምጣ።" ለመከራከር አፈርሁና በዕቁቡ ቀጠልሁ።

ትልቁ ጄት ላይ ያሉትም ዕቁብ ጀምረው ነበር። በመጀመሪያው የዕጣ ቀን አንዱ ቻይና ነው፣ አንዱ ብራዚል፣ ሰብሳቢው ራሱ ቤልጅየም። በሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። መልካም ሰዎች ናቸው፤ ግን ሁሉም አንድ ቀን አንድ ቦታ መገኘት አይችሉም። ዕቁቡ ሳይጣሉ፣ ሳይከራከሩ፣ ዝም ብሎ ጠፋ።

አበል የሚጠራቀመው ካልተበላ ነው። ስለዚህ ሻንጣዬ ውስጥ ከዩኒፎርሙ በታች ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮና ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሰሮ ነበረች። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ ሆቴሉ ኮሪደር ላይ አፍንጫህን ብታቀና በየትኛው ክፍል የእኛ ሰው እንዳለ ታውቃለህ። አንድ ቀን ሽሮዬ ገንፍሎ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሁለት ጥበቃዎች በሩን አንኳኩ። "ምንድን ነው የሚቃጠለው?" "እራቴ" አልኋቸው። አንደኛው ገብቶ ማሰሮዋን አሸተተና ለጓደኛው ምን እንዳለው እንጃ፣ ሁለቱም እየሳቁ ሄዱ።

ቤቱን የሚሠራልን እንድሪስ ነበር። አባቱና አጎቶቹ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠራሉ፤ እሱ ከእንጨቱ ወደ ድንጋዩ ተሻግሮ ግንበኛ ሆኗል። ገና ካወቀኝ ጊዜ ጀምሮ "ካፒቴን" ነው የሚለኝ። ረዳት ነኝ ብዬ ባስረዳው "ቀዛፊም ሆነ መሪ ያዥ፣ ሰው አሳፍሮ ሐይቁን የሚያሻግር ሁሉ ለእኔ ካፒቴን ነው" ብሎ ዘጋኝ።

እንድሪስ የእኔን መስመር ከእኔ በላይ ይከታተል ነበር፤ ሩቅ ባደርሁ ቁጥር አበሉ እንደሚበዛ ያውቃል። ጠዋት ለእናቴ ይደውልና "እትዬ ዘነበች፣ ልጅዎ የት ነው ያለ?" ይላታል። "ቻይና" ካለችው ብሎኬት ያዛል። "ናይሮቢ" ካለችው አሸዋ ያዛል። "ጅቡቲ" ካለችው "እንግዲያው ዛሬ ያለውን እንለስናለን" ይላል። በዚህ አሠራር ሳሎኑ ቻይና ተባለ፣ ወጥ ቤቱ ብራዚል፣ መጸዳጃ ቤቱ ጅቡቲ። እናቴ እንግዳ ሲመጣባት ገና በሩ ባልተገጠመለት ግድግዳ መሐል ትቆምና "ግቡ፣ ግቡ፤ ይኸ ቻይና ነው" ትላለች።

ግድግዳው ሁሉ ቆመ። የቀረው የጣራው እንጨትና ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሁለት የሩቅ ምሥራቅ አዳር ቢደርሰኝ የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ የማኅበሩ ቀነ ገደብም ክረምቱም እየመጣ ነበር። ለእንድሪስ "በሚቀጥለው ወር ጣራ!" አልሁት። በደስታ ሰክሬ ነበር።

የዓመቱ የጤና ምርመራዬ በዚያ ሳምንት ዋለ። አብራሪ የጤና ፈቃዱ በየጊዜው ካልታደሰ አውሮፕላን አይነካም። ሐኪሙ ሆዴን በመሣሪያ ደጋግሞ አየ። "ጎንህን ያምህ ነበር?" "አልፎ አልፎ።" "ኩላሊትህ ውስጥ ጠጠር አለ። ውኃ ትጠጣለህ?" በረጅም በረራ ላይ ብዙ አንጠጣም፤ ቶሎ ቶሎ ከወንበር መነሳት ይመጣል። "ምግብስ?" ስለ ድርቆሹ፣ ስለ በሶው፣ ስለ ሽሮው ጨው፣ ሁሉም ለምን እንደሆነ ጭምር ነገርሁት። መሣሪያውን አስቀመጠና "ቤቱን የምትሠራው በኩላሊትህ ነው እንዴ?" አለኝ።

ጠጠሩ አየር ላይ ቢነሳብኝ አብሮኝ ላለው ሁሉ አደጋ ነው። ፈቃዴ ታገደ። ጠጠሩ ወጥቶ፣ ተመርምሬ፣ ተመልሶ እንደማይመጣ እስኪረጋገጥ መሬት ላይ ነህ ተባልሁ። ሐኪሙ ትክክል ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ሕክምናዬን እየተከታተልሁ በመሐሉ ባሕር ዳር እናቴ ጋ ሰነበትሁ። እንድሪስ እንደ ልማዱ ደወለ፤ አሁን ግን በቀጥታ ለእኔ ነው።

"ካፒቴን፣ የት አገር ነህ?"

"ባሕር ዳር ነኝ።"

"ሥራው ቆመ በለኛ" አለኝ።

ወር ደረሰ። የሰዓት ክፍያ የለም፤ አልበረርሁም። አበል የለም፤ አላደርሁም። የገባልኝ የረዳት አብራሪ መነሻ ደመወዝ ነው። ከእሱ ላይ የአዲስ አበባ ኪራዬ፣ የመድኃኒት፣ የእናቴ ቀለብ ሲወጣ ለቆርቆሮ የሚተርፍ አልነበረም። ፈራሁ። ሞተር ሲጠፋ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን ያጠናሁት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ዘንዘልማ ስንሄድ እናቴ የዝናብ መከለያ ላስቲክ ገዝታ በክንዷ ታቅፋ መጣች፤ "ቻይና እንዳይበሰብስ ነው" አለች። ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግሁ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግቢያችን ድረስ መጥቶ አየው። "ካፒቴን፣ ቤቱ ያምራል" አለኝ። "ግን ደንቡን እኔ ለብቻዬ አላወጣሁትም። ጣራ ያላለበሱ ሌሎችም አሉ፤ ለአንተ ብተው ምን እላቸዋለሁ?" እውነቱን ነው። ጠብ ብፈልግ እንኳ የምይዘው ነገር አጣሁ።

በዚያው ወር ዮናስ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ መራዊ ቤተሰቦቹ ጋ ነበር። ባሕር ዳር መጣና ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ተቀመጥን። በእኛ ሙያ "ስንት ገባልህ?" ብሎ መጠየቅ "እንዴት አደርህ?" እንደማለት ነው።

"ስንት ገባልህ?" አልሁት።

ነገረኝ። እኔም ነገርሁት። ሁለታችንም ማኘክ አቆምን።

በዚያ ወር እሱ ፈቃድ ላይ ነበር፤ አንድ ሰዓት አልበረረም። እኔም አንድ ሰዓት አልበረርሁም። እንዲህ ሆነን ተነጻጽረን አናውቅም ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ሁሉ የእኔ በልጦ ነው የሚያድረው፤ እኔም አልሸሸግሁትም። አሁን ሰዓቱና አበሉ ሲነሳ የእሱ ካፒቴን፣ የእኔ ረዳት ሆኖ ቀረ። የሚበልጠው የእሱ ነው፤ በጥቂትም አይደለም።

ዮናስ አላሾፈብኝም። ቢያሾፍ ይሻለኝ ነበር። ዓሣውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ቤትህን በየቀኑ እናየዋለን እኮ" አለኝ። ከባሕር ዳር ተነስተን በሐይቁ በኩል ወደ ላሊበላ ስንዞር ዘንዘልማ በስተቀኝ ከክንፉ ሥር ትታያለች። "አዲሶቹ ረዳቶች 'የሰሎሞን ቤት ጋ ስንደርስ' እያሉ ነው የሚያወሩ። ውስጡ እኮ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የትኛው ነው ቻይና?"

"ትልቁ ክፍል" አልሁት። ሳቅ መጣብን። ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቱ አላነሳንም።

በቀጣዩ ወር ደመወዝ በወጣ ቀን ማታ ጋሽ ተሾመ ደወለ።

"ዛሬ ዕጣ አልወጣም" አለኝ።

"ምነው ጋሼ፣ ምን ተፈጠረ?"

"ተራው የሰሎሞን ነው ተባለ።"

"ማን ነው ያለው?"

"ሁሉም። ጣራ የሌለው ቤት በየቀኑ ማየት ሰለቸን አሉ። ዮናስ ዋስ ሆኖ ፈርሟል፤ ሌላው ዋስ እኔ ነኝ። ብሩን ነገ ጠዋት አስገባልሃለሁ። እንድሪስ ለሚሉት ሰውዬ እንጨቱን ይዘዝ በለው።"

ዕቁብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭንቅ ለደረሰበት አባል ብሩ ያለ ዕጣ ይሰጠዋል፤ ዳኛው አባላቱን ይጠይቃል፣ ማንም እምቢ ካላለ ያልቃል። ብዙ ጊዜ ለሐዘን ወይም ለሕክምና ነው። ለጣራ ሲሆን ያየሁት በእኔ ነው። ስልኩን እንደያዝሁ አለቀስሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ አላፍርበትም። በየሳምንቱ አህጉር የሚያቋርጡት ባልንጀሮቼ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ቢያዩት ኖሮ እነሱም ያደርጉት ነበር። ግን በዚያ ቤት ላይ የሚያልፉት የአገር ውስጥ ሰዎች ናቸው።

እንድሪስ አጎቶቹን ከሐይቁ ዳር ይዞ መጣ። ጀልባ ሠሪዎች ናቸው፤ የጣራውን እንጨት ሲያዋቅሩ ዓይናቸውን ጨፍነውም የሚሠሩት ይመስላል። "ቆርቆሮውን ሳይረፍድ እንምታው" አለኝ እንድሪስ፤ "ከሰዓት ነፋሱ ከሐይቁ ይነሳል። ቆርቆሮ ይዘህ እዚያ ላይ ካገኘህ ያበርርሃል፤ አንተ ደግሞ መብረር ተከልክለሃል።" አጎቶቹ እንጨት ላይ ተቀምጠው ሳቁብኝ። ጣራው ከቀነ ገደቡም ከዝናቡም ቀድሞ ለበሰ።

የመጨረሻው ቆርቆሮ በተመታበት ቀን የአውሮፕላን ድምፅ ከሐይቁ በኩል መጣ። እንድሪስ ጣራው ላይ ቀና አለ። "ካፒቴን፣ ያንተ ነው?" "የዮናስ ነው" አልሁት። እንደማንኛውም ቀን ዞሮ ወደ ላሊበላ ሄደ። ተሳፋሪ የጫነ አብራሪ ለጓደኛው ብሎ ክንፍ አያወዛውዝም፤ እንዲያደርገውም አልጠበቅሁም።

አውሮፕላኑ ውስጥ የሆነውን የሰማነው በኋላ ነው። የእናቴ የፈትል ክፍል ጓደኛ ልጅ በዚያ በረራ ላይ ነበረች። ዮናስ በድምፅ ማጉያው እንዲህ ማለቱን ነገረችን፤ "ክቡራን መንገደኞቻችን፣ በስተግራችሁ ጣና ሐይቅን ታያላችሁ። በስተቀኛችሁ ደግሞ የሚያብለጨልጨው የወይዘሮ ዘነበች አዲስ ጣራ ነው።" ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ተንጠራርቶ አየ አለችን። እናቴ ሦስቴ ደጋግማ አስነገረቻት። "ስሜን ከነወይዘሮው ነው የጠራው?" "አዎ፣ እትዬ።" "ሰውም አየው?" "አየው።" በዚያው ሳምንት የአከራይዋን ቤት ቁልፍ አስረክባ ዘንዘልማ ገባች።

ጠጠሩ ወጣ፤ ብዙ ውኃ እየጠጣሁ ብዙ ወራት ቆይቼ ፈቃዴ ተመለሰ። ካፒቴን ኃይሉ ጋ ሄድሁ። "ቤቱ አለቀ?" አሉኝ። "ጣራው አልቋል።" "ታዲያ አሁን ምን ትፈልጋለህ?" "አገር ውስጥ ካፒቴንነት።" "ያለፈህን ተራ ተሰልፈህ ትጠብቀዋለህ፤ ከኋላህ የነበሩት ቀድመውሃል።" "እጠብቃለሁ" አልሁ። ጠበቅሁ።

ካፒቴን ሆኜ የመጀመሪያው በረራዬ ባሕር ዳር ሆነ። ይህኛውን ግን ዕድል አላመጣውም፤ ለመዳቢዎቹ ለምኜ ነው። ለእናቴ ደወልሁላት። "አሁንስ ምሳ ትበላለህ?" አለችኝ። "እንግዲህ ካመጣሽው" አልሁ። ሁለት አብራሪ አንድ ዓይነት ምግብ እንደማይበላ፣ አንዱን ቢያመው ሌላው እንዲያሳርፍ መሆኑን ነገርኋት። ሁለት ምሳ ዕቃ አዘጋጅታ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ከሚሠራ ጎረቤቷ ጋር ላከችልን። የእኔ ምስር ነበር፣ የረዳቴ ዓሣ። ረዳቴ እየበላ "ካፒቴን፣ የአገር ውስጥ እንዲህ ነው እንዴ?" አለኝ። "የአበሉ ነገር ይኸው ነው" አልሁት።

ለእንድሪስም ደውዬ "አሁን በእውነት ካፒቴን ሆንሁ" አልሁት። "ድሮ ምን ነበርህ?" አለኝ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ትልቁ ጄት ተመለስሁ፤ በአራት ሰረዝ። ጡረታ የወጣሁትም ከዚያ ነው። ውሸት አልነግራችሁም፤ ዓለም አቀፉ የበለጠ ይከፍላል፤ ያኔም ይከፍል ነበር። ስትሄዱም በርቱ እላችኋለሁ፤ እኔም ወድጄው ሠርቻለሁ። ሽሮ ግን ሁለተኛ ሻንጣዬ ውስጥ አልገባም፤ የሆቴሉን ምግብ በላሁ፣ ውኃዬን ጠጣሁ። ጡረታዬ ሲሰላ አበሉን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ የተያዘው መነሻ ደመወዜ ነው።

እናቴ አሁንም ዘንዘልማ አለች። እኔም ከጎኗ አንድ ክፍል ቀጥዬ ገብቻለሁ፤ ቢበዛ ጅቡቲን ነው የሚያክለው። ጠዋት አውሮፕላኑ ሲዞር ሻይዋን ይዛ ትወጣና ታየዋለች። የሚነዱት እኔ የማላውቃቸው ልጆች ናቸው።

ከሥራ ዘመኔ የያዝሁት ይህ ነው። መጀመሪያ ማዕረጉን ያዙ፣ ከዚያ መስመሩን ምረጡ። የሁለት መስመር ደመወዝ ስታወዳድሩ አንድ ሰዓት ያልበረራችሁበትን ወር አወዳድሩ። የትም ብትመደቡ ዕቁባችሁን አትልቀቁ።